«ልጅ በዕድሉ ያድጋል»? ስለ ልጅነት ኑሮና ስለ ጤና ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሕፃን የሚመዘንበት ሚዛን አጠገብ ቆሜ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። እናቶች የሚሉት ተስፋ ላለመቁረጥ ስለሆነ አልነቅፈውም። ግን ያ ዕድል የሚባለው ነገር ሲፈታ ውስጡ ምን እንዳለ በየቀኑ አያለሁ። የእናቲቱ ዕረፍት አለበት፣ የሚጠጣው ውሃ አለበት፣ የቤት ኪራዩ፣ የአባትየው የቀን ገቢ፣ ጎረቤት ቤተሰቡን የሚያይበት ዓይን አለበት። ይህ ሁሉ ሰው የሚሠራው፣ ሰውም ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ወረፋ ላይ፣ ቡና ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ተጠይቄያቸዋለሁ።

በልጅነት የደረሰ ችግር ዕድሜ ልክ ይከተላል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፤ ሁሉንም እኩል ባይሆንም ይከተላል። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቁጥር መያዝ ይበቃል፦ 1000 ቀን። ከጽንስ ጀምሮ ሁለተኛ ዓመት እስኪሞላ ያለው ጊዜ ነው፤ 270 ቀን በማኅፀን፣ 730 ቀን ከተወለደ በኋላ። ሁለት ዓመት ሲሞላው የልጅ አእምሮ በመጠኑ የአዋቂውን 80 በመቶ ያህል ደርሷል። በዚህ ጊዜ ምግብ ካጠረው ሰውነቱ እንደ ብልህ የቤት እመቤት ያብቃቃል። ያለውን ነገር ቅድሚያ ለአእምሮ ይሰጥና ከኩላሊት፣ ከቆሽት፣ ከቁመት ይቀንሳል። የተቀነሰው በኋላ ሁሉ አይተካም።

ዴቪድ ባርከር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ጥናት ይህን ግልጽ አደረገው። ኸርትፎርድሺር በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱ ወንዶች ሲወለዱ የተመዘኑበት መዝገብ ተገኘ። ሲከታተሏቸው፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰው በጎልማሳነታቸው በልብ ሕመም አብዝተው ሞተው ተገኙ። እኛም አገር የራሳችን ታሪክ አለ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከሦስት ዓመት በታች የነበሩና ረሃቡ የበረታባቸው ሕፃናት፣ አድገው ሲለኩ ከእኩዮቻቸው አጥረው ነው የተገኙት።

ነገሩ በምግብ ብቻ አያበቃም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች በልጅነታቸው ድብደባ፣ ጥቃት፣ ቸልታ፣ ቤት ውስጥ ሰካራም ወይም የእናት መደብደብ ነበር ወይ ተብለው ተጠየቁ። ከእነዚህ ብዙውን ያዩ ሰዎች ሲያድጉ ለድብርት፣ ለሱስ፣ ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ከተጠየቁት ብዙዎቹ የጤና መድን ያላቸው፣ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «በልቶ ካደረ ምን ይጎዳዋል» የሚለው አያስኬድም።

ስኳርና ግፊት የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ አባቶች ናቸው፤ «እኔ ምን በላሁና!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አልበሉም። ግን በትንሽነታቸው የተጎዳ ቆሽትና ኩላሊት ኋላ ላይ እንኳን ለተረፈ ምግብ ለመደበኛውም ኑሮ አቅም ያጥረዋል። ጎንደር አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ከገጠር የሚመጡ፣ ደሃና ቀጫጭን፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣት የስኳር ሕሙማንን መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር አምስተኛ ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ ቀጭን መሆን ከስኳር አያድንም። ጥማትና ሽንት ከበዛ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ተመርመሩ።

ልጄ አጭር ነው፤ ግን ዘራችንም አጭር ነው። ምን ያሳስባል?

አንድ ቀን ከአባይ ማዶ የመጣች እናት ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጇን ይዛ ገባች። የመጣችው ለታናሹ ክትባት ነበር። ትልቁ ቀልጣፋ ነው፤ ሲገባ እስክሪብቶዬን አንስቶ ወረቀቴ ላይ ሞነጫጨረ። እስቲ እሱንም ልለካው አልኩና ጫማውን አውልቄ ተረከዙን ከሰሌዳው አስጠግቼ አቆምኩት። 85 ሴንቲ ሜትር። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አማካይ ቁመት 96 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 85 ሁለት ዓመት ለሞላው እንኳ አይበዛም። እናቲቱ ሳቅ ብላ «አባቱም እኮ አጭር ነው ሲስተር» አለችኝ።

ይህ መቀንጨር ይባላል። ዓይን ያታልላል፤ የቀነጨረ ልጅ ከሲታ ላይሆን ይችላል፣ ይጫወታል፣ ጉንጩም ሊሞላ ይችላል። የክንድ ዙሪያ መለኪያው (ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቀይ የሚያሳየው) የሚይዘው መክሳትን ነው፤ መቀንጨርን የሚያሳየው ቁመት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ክብደት ብቻ መዝነው ሲልኳችሁ «ቁመቱንስ?» ብላችሁ ጠይቁ የምለው።

ዘርን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች ዕድገት መለኪያውን ያወጣው ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ልጆችን ለክቶ ነው። በደህና ኑሮ ያደጉና በደንብ የጠቡ ከሆኑ፣ የጋናውም የኖርዌዩም ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ቁመቱ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ «አባቱም አጭር ነው» ስንል፣ አባትየውም በጊዜው ያልጠገበ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው። የቀነጨረች ሴት ልጅ አድጋ ስትወልድም ትንሽ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። እንዲህ እያለ ችግሩ ራሱ ዘር ይመስላል።

ጎጃም እህል ሞልቶ ልጅ እንዴት ይቀነጭራል?

ይህ ጥያቄ የሚያንገበግበኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በአገር ደረጃ 38 በመቶ ሲሆኑ በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበሩ። ጤፉም በቆሎውም የሚመረትበት ክልል ነው። እንዴት?

መጀመሪያ፣ እህል ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ልጅ አይገነባም። ልጅ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይፈልጋል። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚመጥነውን ያህል ዓይነትና ድግግሞሽ ያለው ምግብ ያገኙት በአገር ደረጃ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሰባት!

እንቁላሉ የት ሄደ? ገበያ ሄደ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተር ሆኖ ይመለሳል። ሐይቁ ዳርም እንደዚሁ ነው፤ አባት ሌሊት መረብ ጥሎ ያወጣውን ቆሮሶ ለሆቴል ያስረክባል፣ ልጁ ሽሮ ይበላል። እናቲቱን «ለምን ሸጥሽ» ብዬ ልወቅሳት አልችልም፤ ደብተሩም ያስፈልጋል። የምለምናት ከሳምንቱ እንቁላል ሁለት ሦስቱን ለታናሹ እንድታስቀር ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። እናት ውሃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም፣ ወይም ከተማ ውስጥ ከሆነች የሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስትወጣ፣ ሕፃኑን የምትይዘው የሰባት ዓመት እህቱ ናት። የምታበላው ከጠዋት የተረፈ ቀጭን አጥሚት ነው። ወፍራም ገንፎ ለማብላት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ራሷም ልጅ ናት።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ግቢውን ነው። የሚዳህ ሕፃን ዶሮ ካረፈችበት መሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይልካል። ተቅማጥ ባይታይበት እንኳ አንጀቱ እየቆሰለ የበላውን በቅጡ አይወስድም። ስለዚህ ጥሩ የሚበላ ልጅም ሊቀነጭር ይችላል። ዶሮዎቹን ለብቻ መከለል፣ ሕፃኑን ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ከማብላት በፊት በሳሙና መታጠብ ብዙ ወጪ የለውም።

እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት የተሠራ ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ተደርጎበት፣ እንቁላል ሲገኝ ተመትቶ ገብቶበት። ማንጎና ፓፓያ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ በየበሩ ያለ ነገር ነው፤ ቀጥቅጦ መስጠት ነው።

ጾም ላይ ነን፤ ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል መስጠት ይከብዳል።

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለበት ካህናቱ ያስተምራሉ። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ በሚጾምበት ቤት እናት «ዕቃው ይነካካብኛል» ብላ ለሕፃኑ የፍስክ መሥራት ትተዋለች። ልጁ ሳይጾም ይጾማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ የነፍስ አባቷን ታማክር። ሐኪም ያለውን ነግራቸው ሳይፈቅዱላት የቀሩ አባት እስካሁን አልገጠሙኝም።

እናት ሳትወልድ በፊት ያለው ኑሮስ ልጁን ይነካዋል?

ከሁሉ በፊት የሚነካው እሱ ነው። በ15 ወይም በ16 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ራሷ አድጋ አልጨረሰችም፤ የራሷ ሰውነትና ጽንሱ አንድ መሶብ ይሻማሉ። ሕጉ ጋብቻ በ18 ዓመት ያለውም በከንቱ አይደለም። በጣና ዙሪያ ደግሞ ወባ አለ፤ በእርግዝና ጊዜ የያዘች ወባ ደም ታሳንሳለች፣ የልጁን ክብደት ትቀንሳለች። ነፍሰ ጡር አጎበር ውስጥ ትተኛ፣ የአይረን እንክብሏንም ማቅለሽለሹን ታግሣ ትውሰድ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ልበልበት፤ የአራስ ወጋችን። አራስ ስትታረስ፣ ገንፎው ሲገነፋ፣ ወንዱ 40 ሴቷ 80 ቀን ሞልቷቸው ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ጎረቤት ውሃ ሲቀዳላት፣ ይህ ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥበቃ ነው። እናት ታገግማለች፣ ጡቷ ይሞላል፣ ልጅና እናት ይላመዳሉ። አሁን የማየው ግን ሌላ ነው። ከገጠር መጥታ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ እናቷም አማቷም ሩቅ የሆኑባት ልጅ በአሥረኛው ቀን ተነሥታ እንጀራ ትሸጣለች። እንዲህ ያለች ጎረቤት ካለቻችሁ በሯን አንኳኩ። አንድ ሰሐን ገንፎና የሁለት ሰዓት እንቅልፍ ለሕፃኑም ነው የሚደርሰው።

የሚቀር ወግም አለ። እንገሩን አትድፉት፤ የመጀመሪያው ክትባት እሱ ነው። ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት ይቅር።

ልጆቹ ጣና ውስጥ ይዋኛሉ። ቢልሃርዚያ ይይዛቸዋል?

ሊይዛቸው ይችላል፤ በሐይቁ ዳርቻ ያለ በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ በቆመው ልጅ ቆዳ ይገባል። ልጁን በአንድ ቀን አይጥለውም፤ ደሙን እያሳነሰ፣ ጉበቱን እየጎዳ፣ ክፍል ውስጥ እያፈዘዘ ዓመታት ይቆያል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ይፈውሳል፣ ግን ነገ ተመልሶ ከገባ ይያዛል። ቧንቧ የሌለው ሰው «ሐይቁን አትንካ» ቢባል የት ይታጠብ? ለዚህ ነው ጥያቄው በልጁ ጥፋት የማያልቀው፤ የሚያልቀው መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውሃ ሲኖር ነው።

ሰው መናቁ፣ ዝቅ ተደርጎ መታየቱ ያሳምማል?

ያሳምማል፤ ይህን የምለው በምሳሌ አነጋገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ማይክል ማርሞት የሚባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 18,000 ያህል የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታትለው ነበር። ሁሉም ደመወዝተኛ፣ አብዛኞቹ ቢሮ ተቀማጭ፣ ሁሉም ነፃ ሕክምና ያላቸው ናቸው። ሆኖም በመጨረሻው እርከን ያሉት በአሥር ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከላይኞቹ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሲጋራውና ግፊቱ ተቆጥሮ ሁሉንም ሊያስረዳ አልቻለም። በሥራውና በውሎው ላይ ሥልጣን የሌለው ሰው ሰውነቱ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል፤ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ንጥረ ነገር ሲደጋገም ደም ሥርንም እንቅልፍንም ያበላሻል።

እኛ ዘንድ ይህን ሳስብ የነገደ ወይጦ ልጆች ይመጡብኛል። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩ፣ ጣናን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር ዛሬ ከተማ የሆነችበት ዳርቻ የእነሱም መኖሪያ ነው። ግን ለዘመናት ማዕድ አብሯቸው የማይቆርስ ጎረቤት ነበራቸው። ልጅ በልጅነቱ «አትንኩት» ሲባል ሰምቶ ትምህርት ቤት ቢገባ፣ ዕውቀት ከመቅሰሙ በፊት አንገቱን መድፋት ይማራል። ልጆቻችሁ ከእነሱ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ቤታችሁም ይጥሯቸው።

ልጄ የተኩስ ድምፅ ከሰማ ወዲህ ሌሊት እየባነነ ይጮኻል፤ አልጋው ላይም መሽናት ጀመረ።

ባለፉት ዓመታት ይህን የማይጠይቀኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ልጁ አላበደም፣ አልተለከፈምም። የፈራ ሰውነት ነው። አትምቱት፣ አታሳፍሩት። መኝታ ሰዓቱ አይለዋወጥ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይተኛ፣ የሆነውን በራሱ ቋንቋ ሲናገር አታቋርጡት፣ ወይም ይሣለው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቤት ውስጥ ቋሚ የንባብና የጨዋታ ሰዓት ይኑረው። ልጅን ከፍርሃት ጉዳት አብልጦ የሚከላከለው ረጋ ብሎ አጠገቡ ያለ አንድ አዋቂ ነው፤ አያትም ሊሆን ይችላል። ከወር በላይ ከቆየ ወይም መብላትና መጫወት ካቆመ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። እናንተም ካልተኛችሁ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ።

ሁለት ዓመት አልፎታል። እንግዲህ አለፈኝ ማለት ነው?

ያቺ የአባይ ማዶ እናት ቁጥሩን ካስረዳኋት በኋላ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ዓይኗ ውሃ ሞልቶ ነበር። የመለስኩላትን እዚህም እደግመዋለሁ።

ጃማይካ ውስጥ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ለከፊሎቹ ለሁለት ዓመት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል የጤና ሠራተኛ ቤታቸው እየሄደች እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት ታሳይ ነበር። መጫወቻው ከቤት ዕቃ የተሠራ ነው፤ ክዳን፣ ጠርሙስ፣ ሥዕል። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ጉብኝቱን ካላገኙት የቀነጨሩ እኩዮቻቸው ይልቅ ገቢያቸው 25 በመቶ ይበልጥ ነበር። ቁመት ሁሉ ላይመለስ ይችላል፤ አእምሮ ግን ለጨዋታ፣ ለወሬና ለፍቅር ገና ክፍት ነው።

ስለዚህ ሽሮ ስታማስሉ አዋሩት። «ይህ ምንድን ነው? ስንት ሽንኩርት አለ?» በሉት። ተረት ንገሩት፣ እንቆቅልሽ ጠይቁት። ስልክ ከመስጠት ይልቅ ቆርኪ ስጡት፣ ይቁጠር። ትምህርት ቤት በጊዜው አስገቡት። ቀደም ብዬ ባነሳሁት እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት ካልተማሩ እናቶች ልጆች 42 በመቶ ሲቀነጭሩ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማሩት ልጆች 17 በመቶ ነበሩ፤ ሴት ልጃችሁን ስታስተምሩ የልጅ ልጃችሁን ቁመት እየለካችሁ ነው።

ገንዘብ የለኝም። የት ልሂድ?

የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ገጠር ከሆናችሁ የቀበሌያችሁን ጤና ኬላና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ለመሆን መዋጮው የማይቻላችሁ ከሆነ፣ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር ስላለ ቀበሌ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ ምዝገባው በዓመት የተወሰነ ወቅት ስላለው ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁን ስታመጡ የክትባት ካርዱን ያዙ። ከጠፋባችሁ ያለ ካርዱም ኑ፣ ቁመቱን እንለካዋለን።